ስምንት ሠራተኛ በአንድ ሰው ምሳ

ሰኔ 3 ቀን 2009 ዓ.ም.

ባለቤቴ ገሰሰ ዛሬ ቦሌ ወስዶ አዲስ ስልክ ገዛልኝ። አልጠየቅሁትም ነበር። ሻጩ ስለ ስልኩ ብዙ አወራ፤ እኔ የያዝኩት «ስምንት ኮር አለው» የሚለውን ብቻ ነው። ገሰሰ ደስ ብሎት ነበር። «ከኔው የበለጠ ነው የገዛሁልሽ፤ ከእንግዲህ እንዳትጠፊብኝ» አለ። ሻጩ ሳቀ፤ እኔም ሳቅሁ። ከዚያ አንድ ፕሮግራም ጫኑበት፤ ገሰሰ የራሱንና የኔን ስልክ አጠገብ ለአጠገብ ይዞ ሲነካካ ቆየ።

ሲም ካርዴ ትልቅ ስለሆነ ለአዲሱ አልገባ አለ። ሻጩ ስቴፕለር በመሰለ መቁረጫ ጠቅ አደረገው። መሃሉ አዲሱ ስልክ ውስጥ ገባ፤ ዙሪያው ግን ባዶ መስኮት መስሎ መሬት ላይ ወደቀ። አንስቼ ቦርሳዬ ውስጥ ከተትኩት። ገሰሰ አይቶ፣ «አንቺ ደግሞ ቆሻሻ አትጥይም» አለኝ። እውነቱን ነው። ፊደል የለየሁት ስኳር ከተጠቀለለበት ጋዜጣ ላይ ነው። ይሄንንም የምጽፈው በምሠራበት ፎቶ ኮፒ ቤት በተበላሸ ወረቀት ጀርባ ነው።

አሮጌዋን ባለ ቁልፍ ስልኬን አጥፍቼ ኮመዲኖ መሳቢያ ውስጥ አስቀመጥኳት። አንዴ ቻርጅ ከተደረገች ሳምንት ትቆይ ነበር።

ሰኔ 9

ጠዋት መቶ ብሎ የነበረው ስልክ ስድስት ሰዓት ላይ ዘጋ። ገሰሰ ደውሎ ሲያጣኝ መኪናውን አቁሞ ሱቅ ድረስ መጣ። ኮፒ ለማስደረግ የተሰለፉ ተማሪዎች ፊት «ስልክሽ ዝግ ነው ይላል» አለኝ። ባትሪ ጨርሶ ነው አልኩት። «ይሄን የሚያህል ስልክ በግማሽ ቀን?» አለና እያገላበጠ አየው።

አላመነኝም ማለቴ አይደለም። ቤትና መሬት ሲያሻሽጥ የሚውል ሰው ነው። ቀኑን ሙሉ ሲዋሹት ይውላሉ፤ መጠርጠር ሥራው ሆኖበት ነው።

ጥፋቱ የኔ ነው። የስክሪኑን ብርሃን መቀነስ ነበረብኝ።

ሰኔ 14

ሀይሚ አንድ ጊዜ ጠርታ ዘጋች። ደህና ናት ማለት ነው።

አንድ ልጄ ናት። ዓምና ጋዲሳን አግብታ ወጣች። የጋዲሳ አባት ገበሬ ነበሩ፤ መሬታቸው ሲሸጥ መሃል ገብቶ ያሻሻጠው ገሰሰ ነው። ሽማግሌዎቹ ለጋብቻው የመጡ ቀን ገሰሰ ጋዲሳን ቀና ብሎ ማየት አቃተው፤ ከሄዱ በኋላ ግን «ልጄን የሚፈልጋት መሬቱን ሊያስታውሰኝ ነው» ብሎ ጮኸ። ሀይሚ በገዛ ፈቃዷ ከሄደች ወዲህ ስሟ በቤታችን አይነሳም። አንድ ጊዜ አንስቼው ነበር። ከዚያ በኋላ አላነሳሁም።

አሁን አራብሳ ኮንዶሚኒየም አራተኛ ፎቅ ላይ ተከራይተው ይኖራሉ። ነፍሰ ጡር ናት፤ ሰባተኛ ወሯን ይዛለች። በሚስኮል እንግባባለን። አንድ ከሆነ ደህና ነኝ፣ ሁለት ከተከታተለ ነይልኝ ነው። ስልኬ ላይ ስሟ «ቀለም ሻጭ» ይላል፤ ለፎቶ ኮፒው ቀለም የሚያመጣ ሰው አስመስዬ ነው። ከጠራችም በኋላ ጥሪውን ከስልኩ ላይ አጠፋዋለሁ።

ስጽፈው ሌባ መሰልኩ።

ሰኔ 21

አራብሳ ሄድኩ። አስቤበት አይደለም። ስልኩ አምስት ሰዓት ተኩል ላይ ዘጋ፤ የምሳ ሰዓት ሲደርስ ደግሞ እግሬ ወደ ታክሲ ተራው ወሰደኝ። ከገርጂ ጎሮ፣ ከጎሮ አራብሳ። ጭቃው ጫማዬን ሊያስቀረው ነበር።

የሀይሚ እግር አብጧል። ውኃ ከታች በጀሪካን ነው የሚወጣው፤ ጋዲሳ ሥራ ሲውል እሷው ታወጣለች። ተቆጣኋት። «ታዲያ ማን ያውጣልኝ እማዬ?» አለች። ሁለት ጀሪካን አውጥቼላት ተመለስኩ።

ማታ ገሰሰ የት እንደነበርኩ ጠየቀኝ። ባትሪው ጨርሶ ነበር አልኩት። ውሸት አይደለም፤ ጨርሶ ነበር። ባይዘጋ ኖሮ ግን የምሄድ አይመስለኝም። ለምን እንደሆነ አላውቅም።

ሰኔ 28

ገሰሰ ስልኩን አሳዪ ስላለኝ መብራት ኃይል ጋ ኮንቴይነር ውስጥ ወደሚሠራው ሀሩን ወሰድኩት። ጢሙ ሽበት የጀመረው፣ ሲሠራ የሚያንጎራጉር ሰው ነው። ከፍቶ አየና ስልኩ ጤነኛ ነው አለኝ።

«እናቴ፣ ስምንት የቀን ሠራተኛ ቀጥረው በአንድ ሰው ምሳ ቢያሠሯቸው እስከ ስንት ሰዓት ይሠሩልዎታል?»

«እስከ ስድስት» አልኩት።

«እኮ!»

ሠራተኛ ያለው ኮሩን፣ ምሳ ያለው ባትሪውን ነው። ሠሪዎቹ በየዓመቱ ሠራተኛ ይጨምራሉ፤ ስልኩ ቀጭን እንዲሆን ስለሚፈለግ ምሳውን ግን መጨመር አልቻሉም አለ። አሮጌዋ ስልኬ አንድ ሰነፍ ሠራተኛ ብቻ ነበራት፤ የተሰጣትን እየቆነጠረች ሳምንት ትቆያለች። ሳቅሁ። ከሳቅሁ ቆይቻለሁ።

ከዚያ ስክሪኑን ሲነካካ ቆየ። ስልኩ የተገዛ ቀን የተጫነውን ፕሮግራም አሳየኝ። ያለሁበትን ቦታ ቀኑን ሙሉ ሳያቋርጥ ይልካል፤ ሠራተኞቹ አረፍ ማለት ያልቻሉት በሱ ነው። «ላጥፋልዎት?» አለ። ተወው፣ የባለቤቴ ነው አልኩት። አየኝና ስልኩን በሁለት እጁ መለሰልኝ።

ከተማው ሰፍቷል፤ ሰው ይጠፋል። ገሰሰ ለኔ ብሎ ነው።

ሐምሌ 4

አንድ ተማሪ ከመጽሔት ላይ ኮፒ ያስደረገውና ቀለም በዝቶበት የተጣለ ገጽ አገኘሁ። የሚነበበውን ገለበጥኩ፦ «የማቀነባበሪያዎች ጉልበት በጥቂት ዓመታት ውስጥ እጥፍ ሲሆን፣ ባትሪ ግን የኬሚካል ሥራ በመሆኑ እድገቱ አዝጋሚ ነው።» ከዚያ ወዲያ ጥቁር ነው።

ገሰሰ ከሥራ ባልደረባው ጋር ቤት መጣ። ሻይ ሳቀርብ ያለሁበትን የሚነግረውን ካርታ ስልኩ ላይ ሲያሳየው አየሁ፤ እኔ አንዲት ሰማያዊ ነጥብ ነኝ። ሰውየው፣ «እኔ የሸጥኩትን ቦታ እንኳ እንዲህ አልጠብቅም» ብሎ ሳቀ። ገሰሰ አልሳቀም። «የተሸጠማ ምን ይጠበቃል» አለው።

ሲወጡ ገሰሰ አንድ ፓወር ባንክ ሰጠኝ። እንደ ጡብ ይከብዳል። ከእንግዲህ ባትሪ ጨረሰ የሚባል ነገር የለም አለኝ። አመሰገንኩት።

ሐምሌ 11

የፓወር ባንኩን ገመድ ቤት ረሳሁት። ስልኩ ሱቅ ውስጥ ይዘጋል ብዬ ስጠብቅ ታክሲ ውስጥ ጎሮ ስደርስ ዘጋ። ሀይሚ ጋ ጥቂት ብቻ ቆየሁ።

ማታ፣ «ጎሮ ምን ነበረሽ?» አለኝ ገሰሰ። እንጀራውን እየቆረሰ ነው፤ ድምፁንም አላነሳም። ቀለም ልገዛ አልኩት። ሲጨርስ፣ ገመዱን አንስቶ ቦርሳዬ ውስጥ ራሱ ከተተው።

ሐምሌ 12

ገሰሰ ሳይጠይቃት ለሱቁ ባለቤት ለእትዬ ደብሪቱ ቀድሜ መንገር ነበረብኝ። ነገርኳት። መነጽሯን አውልቃ አየችኝ። «እኔ ለቀለም ጎሮ ልኬሽ አላውቅም። ከጠየቀኝ ግን ልኬሻለሁ» አለች። ደግሞ ቆይታ፣ «ቀለም ሻጯ መቼ ነው የምትወልደው?» አለችኝ።

ለካ ታውቃለች።

ሐምሌ 19

በችኮላ። ሀይሚ ከጤና ጣቢያ ደውላ አነጋገረችኝ፤ ሚስኮል አይደለም። ደም ግፊቷ ከፍ ብሏል። ነሐሴ አጋማሽ ላይ ትወልጃለሽ ብለዋታል። «እማዬ፣ ያለ አንቺ አልወልድም። እጄን የምትይዢው አንቺ ነሽ።» እሺ አልኳት። በማርያም ብዬ እሺ አልኳት። ደንበኛ መጣ

ሐምሌ 25

መላልሼ የማስበው አንድ ነገር ነው። ስልኩ ካልተዘጋ ወደ ሀይሚ መሄድ አልችልም፤ ከተዘጋ ደግሞ ሀይሚ ስትጠራኝ አልሰማም። ይሄንን የሚፈታ ባትሪ አልተሠራም። ጠዋት ሙሉ ይሁን እላለሁ፤ ቀትር ላይ ደግሞ ምነው በዘጋ።

ለገሰሰ እውነቱን ልንገረው ብዬ ተነሥቼ ሳሎን ገባሁ። ዜና እያየ ነበር። ሻይ ላምጣልህ ወይ ብዬው ተመለስኩ። ፈሪ ነኝ።

ነሐሴ 1

ፍልሰታ ገባ። ከዛሬ ጀምሮ ቅዳሴው ከቀትር እስከ ዘጠኝ ሰዓት ድረስ ነው። እትዬ ደብሪቱም ሱቁን ዘግታ ታስቀድሳለች። ሐሳቡን ያመጣችው እሷ ናት፤ እኔ ግን እምቢ ማለት ነበረብኝ። ስልኩን ከነፓወር ባንኩ ቦርሳዋ ውስጥ አድርጋ ቤተ ክርስቲያን ትገባለች፤ እኔ አራብሳ እሄዳለሁ። ነጥቧ ቅዳሴ ትቆማለች። ቤተ ክርስቲያን ውስጥ ስልክ አላነሳሁም ብሎ የሚቆጣ ማን አለ?

«እመቤታችን እናት ናት፤ ይገባታል» አለች እትዬ ደብሪቱ። ነጠላዋን እያስተካከለች ትስቃለች። እኔ አልሳቅሁም።

ነሐሴ 4

ሠራ። ሀይሚን አጠብኳት፤ ፀጉሯን ጎነጎንኩላት። የጋዲሳ እናት ወይዘሮ ማሚቱም ነበሩ። ከመሬታቸው ከተነሡ ወዲህ ከልጃቸው ጋር ናቸው። ስለ ገሰሰ ምንም አላሉኝም። ስወጣ ብቻ፣ «አባቷ ደህና ናቸው?» አሉኝ። ደህና ነው አልኩ።

ነሐሴ 8

ዘነበ፤ በረዶም ጣለ። ከአራብሳ የሚመጣ ታክሲ አጣሁ። ቤተ ክርስቲያኑ በር ስደርስ ቅዳሴው ካለቀ ቆይቷል፤ ሰው የለም። የገሰሰ መኪና ቆሟል። እሱ ከበሩ ሥር ጥላ ይዞ ቆሟል፤ የኔን ጥላ። ዝናብ ነው ብሎ ሊያመጣልኝ ነበር የመጣው። እትዬ ደብሪቱ አጠገቡ ነጠላዋን ተከናንባ መሬት መሬት ታያለች። ስልኬን በእጁ ይዟል።

ጥላውን ዘርግቶ እስከ መኪናው ድረስ ያዘልኝ። ቤታችን በር ላይ ሞተሩን አጠፋና፣ «ስልኩስ አስቀደሰ። አንቺስ?» አለኝ።

የት ነበርሽ አላለኝም። ማን ጋ ነበርሽ አላለኝም። አንድም ጊዜ።

ነሐሴ 9

ሱቅ መሄድ ቀርቷል። ለጤናሽም ጥሩ ነው፣ ደክሞሻል አለ ገሰሰ። እውነትም ደክሞኛል። እትዬ ደብሪቱን ዳግም እንዳላያት ብሏል። ምሳ ሰዓት ላይ በቪዲዮ ይደውላል፤ ስልኩን አዙሬ ሳሎኑንና ወጥ ቤቱን አሳየዋለሁ። የቪዲዮው ጥሪ ከሁሉም የባሰ ባትሪ ይበላል።

ሀይሚ አንድ ጊዜ ጠራች። ደህና ናት።

ነሐሴ 13

ደህና ናት።

ነሐሴ 17

መብራት ጠፋ። የሠፈሩ ትራንስፎርመር ነው አሉ፤ ሲፈነዳ ሰምተናል። ገሰሰ ጠዋት ስልኩንና ፓወር ባንኩን መኪናው ውስጥ ቻርጅ አድርጎ ሰጠኝ። የቪዲዮ ጥሪውን ቀንስ፣ ባትሪ ይጨርሳል አልኩት። ከጨረሰ ምን ይሆናል ብሎ ጠየቀኝ። ምንም አልኩት።

የሀይሚ መውለጃ ቀን ደርሷል። የማትጠራበት ቀን ያስፈራኛል፤ ስልኩ ሲጮህ ደግሞ የባሰ እፈራለሁ።

ነሐሴ 19 እና 20፣ አራብሳ

የምጽፈው በመድኃኒት ካርቶን ጀርባ ነው። ሁለቱ ቀናት ተቀላቅለውብኛል፤ እንደመጣልኝ እጽፈዋለሁ።

ትናንት መብራቱ አልመጣም። ገሰሰ ፓወር ባንኩን ለራሱ ይዞት ወጣ፤ ቦታ የሚያሳየው ሰው ነበረው። ስልኬ ግማሽ አልሞላም ነበር። ስክሪኑን አደበዘዝኩ፤ አልነካሁትም፤ ጠረጴዛ ላይ አስቀምጬ እንደ ታማሚ ጠበቅሁት። ሦስት ሰዓት እንኳ ሳይሞላ ዘጋ። ሳልነካው! ቦታዬን ሲልክ ነው። ወንበር ላይ የተቀመጠች ሴት ወንበር ላይ መሆኗን ሲልክ።

ጎረቤት ሄጄ ላስደውል ብዬ ደረጃው ላይ ወጣሁ፤ የሀይሚን ቁጥር ግን በቃሌ አላውቀውም። ሁልጊዜ እያጠፋሁ፣ «ቀለም ሻጭ» እያልኩ። ሲሙ ላይ ነው ያለው። ተመለስኩ። መሳቢያውን ከፈትኩና አሮጌዋን ስልክ ተጫንኳት። በራች። ከሰኔ ጀምሮ መሳቢያ ውስጥ ተኝታ ግማሽ ባትሪ አላት።

ሲሙን ከትልቁ ስልክ አወጣሁት። ለአሮጌዋ ግን አነሰ፤ ቦታው ላይ ወዲያ ወዲህ ይላል። ያን ጊዜ ቦርሳዬን ዘረገፍኩ። መስኮት የመሰለው ፕላስቲክ ከታች፣ ከስፌቱ ሥር ተገኘ። ሲሙን መሃሉ ላይ ገጠምኩት፤ እንዳይወድቅ በጀርባው የቁስል ፕላስተር ለጠፍኩበት። ኔትወርክ ያዘች።

ደወልኩ። ያነሳው ጋዲሳ ነው። ከኋላው ሴቶች ማርያም ማርያም ይላሉ።

«እማማ፣ ከጠዋት ጀምሮ ዝግ ነው ይላል። ሁለት ሁለት ጊዜ እየደወልን ነበር።»

ትልቁን ስልክ ጠረጴዛው ላይ ትቼ ወጣሁ። በሩን መቆለፌን እንኳ አላስታውስም።

አልደረስኩም። ጎሮ ላይ መንገዱ ተቆፍሯል፤ ታክሲው በውስጥ ለውስጥ ሲዞር ቆየ። ጤና ጣቢያው ስገባ ጩኸት አልነበረም፤ ጸጥ ብሏል። ወይዘሮ ማሚቱ ከውስጥ ወጡና፣ «ደህና ናት፣ ሁለቱም ደህና ናቸው» አሉኝ። የሀይሚን እጅ ይዘው የዋሉት እሳቸው ናቸው። ጣቶቻቸው ላይ የጥፍሯ ምልክት አለ።

እንኳን ማርያም ማረችሽ አልኳት ልጄን። ዓይኗን ገለጥ አደረገች። «ዝግ ነው ይላል» አለችኝ። ልቆጣ ብላ አይደለም፤ ደክሟት ነው። እኔ ግን ስሞት የምሰማው ይሄንን ይመስለኛል።

ሴት ናት። ግንባሯ የገሰሰ ነው።

ስልኬ ጠራች። ገሰሰ ነበር። ድምፁ ከዚህ በፊት እንዲህ ሆኖ አያውቅም።

«የት ነሽ? ካርታው ቤት ነሽ ይላል። ቤት መጥቼ የለሽም።»

«ካርታው የሚያውቀው ስልኩን ነው» አልኩት። «አራብሳ ነኝ። ሀይሚ ወለደች።»

ስሟን ጠራሁት። ዓመት ከምናምን ነው ካልጠራሁት። ይጮሃል ብዬ ጠበቅሁ። አልጮኸም። ትልቁ ስልክ ጠረጴዛውን ሲመታ ሰማሁ፤ አንስቶ መልሶ ሲያስቀምጠው መሰለኝ።

«ምን ወለደች?» አለ።

መልሱ አፌ ላይ ደርሷል። ሁልጊዜ የጠየቀኝን ሁሉ ስመልስለት ኖሬያለሁ።

«መጥተህ እይ» አልኩት።

ዘጋው።

ነሐሴ 22፣ አራብሳ

አልመጣም። አልደወለምም። መኪና ሲቆም ጋዲሳ መስኮቱ ጋ ይሄዳል፤ አይቶ ይመለሳል። አንዳችንም ለምን ተነሣህ አንለውም።

ወይዘሮ ማሚቱ ገንፎ ያገነፋሉ፤ እኔ ውኃ አወጣለሁ። ሀይሚ ዛሬ እጇን ሰጠችኝ። ያዝኩት። ዘግይቶ ነው፤ ግን ያዝኩት። ቤት የቀሩ ልብሶቼን፣ የመጋረጃዬን ስፌት አስባለሁ። ቁልፉ ይቀየር ይሆን እላለሁ። ተመልሼ ብገባስ ምን ይጠብቀኛል እላለሁ፤ ሁለቱም ያስፈራሉ።

የአሮጌዋ ስልክ ቻርጀር ቤት ነው የቀረው። ቀጭን ሹል ጫፍ ያለው ዓይነት ነው፤ እዚህ ፎቅ ላይ የሚኖሩትን ሁሉ ጠየቅሁ፤ አሁን ማንም የለውም። ከባትሪዋ አንድ መስመር ቀርቷታል። ሀይሚ አጥፊያት፣ ባትሪ ቆጥቢ ትለኛለች።

መስኮቱ ላይ አስቀምጫታለሁ። አላጠፋኋትም። የሚደውል ሰው ካለ፣ ማንም ይሁን፣ ዝግ ነው እንዲባል አልፈልግም።